በእርሳስ የተጻፈ

የቅሬው መዝገብ ከእኔ ዘንድ ነው ያለ፤
ማን ስንት እንደከፈለ፣ ማን እንደጎደለ፣
ድንኳን ሲጣል ማን ካስማ እንደተከለ፣
ለቀብር ማን ወጣ፣ ማን ቤቱ እንደዋለ፣
እኔ ነኝ የምጽፍ። ኩታበር ያውቀኛል፤
በጽሕፈቴ ማማር ሰው ይመርቀኛል።

እብሬ ይማም ግን፣ የላይ ሰፈሩ ሰው፣
እናቱ ስትሞት ጉንጩን እንባ ያላራሰው፣
ከቀብር ተመልሶ በሩን ዘጋና
“ድንኳኑን አንሡልኝ” አለ በትሕትና።
“ሦስት ቀን ተቀምጬ ለሰው አላለቅስም፤
ትዝታዋን ቆርሼ ለወሬ አላቃምስም።
አፈር አልብሳችኋታል፣ ብድሩ አለብኝ፤
ሐዘኑ ግን የኔ ነው፣ እሱን ተዉልኝ።”

እሑድ ተሰበሰብን ከወይራው ግርጌ፤
እኔም ተቀመጥኩ መዝገቡን ጭኔ ላይ አድርጌ።
ዳኛው ጋሽ አራጋው ከዘራ ጨበጡ፤
“ልቅሶ የመንደር ነው” ሲሉ ተቆጡ።
“ዛሬ እንባ የደበቀ ነገ ምን ይደብቃል?
ብቻውን የሚያዝን ብቻውን ይስቃል፤
ብቻውን የሳቀ፣ በማን እንደሳቀ ማን ያውቃል?”

ጦይብ ብድግ አለ፣ አጥር ተጋሪው፦
“በሬው እህሌን ቢበላ ይከሰስ ገበሬው፤
ውሃዬን ቢጠልፍ፣ ድንበሬን ቢገፋ፣
እኔው ነኝ ከሳሹ፣ በአደባባይ በይፋ።
አልቅሶ ባያድር ከኔ ምን ጎደለ?
ወይስ የሱ እንባ ከመስኖው ውስጥ አለ?”

ጥቂት ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም።
“ድንኳን የናቀ ቃሬዛ ንቋል” አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

እውነት አላቸው እኮ። አባቴ የሞተው ክረምት ነው፤
ወንዙ ሞልቶ ሳለ በነሱ ትከሻ ነው የተሻገረው፤
ውሃው እስከ ደረታቸው።
ታዲያ ቃሬዛ የያዘ መዳፍ
ደረት ከፍቶ እንዲፈትሽ በየትኛው አንቀጽ ይጻፍ?
ይህን አሰብኩ እንጂ
አፌን አልከፈትኩም።

“እሳት አይጫርለት፣ ሰላምታ አይሰጠው፣
ሲሞትም ሬሳውን ቅሬ እንዳያወጣው።
ጻፍ!” አሉኝ።

እስክሪብቶ ሳለኝ በእርሳስ ጻፍኩት፤
ነገ በላጲስ አጠፋዋለሁ አልኩት።
ፍርሃት እንዲህ ነው፦
የሰው ስም እየሰረዘ ስለ ላጲስ ያስባል።

በወሩ መጨረሻ፣ ጎህ ሳይቀድ ማለዳ፣
የወር መዋጮውን፣ የቅሬውን ዕዳ፣
ድንጋይ ጭኖበት ከደጄ አስቀምጧል፤
ከሃያ ብሯ ጋር ብጣሽ ወረቀት አያይዟል፦
“ለሌላው መቅበሪያ። የኔን ግን ተዉት።”
ሰኔም እንዲሁ። ሐምሌም።
ስሙን ያወጣ መዝገብ
ብሩን ግን ተቀበለ።

አንድ ሌሊት ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከመቃብሩ አጠገብ፣
ድምፁን የሰማ አለ ይባላል።
ማን እንደሰማ፣ ምን እያለ እንደነበር፣
አልጽፍም። የመዝገብ አይደለም።

ነሐሴ ላይ የቤቴ ቆርቆሮ አፈሰሰ፤
እኔ እንቅልፌን ስተኛ መዝገቡ ራሰ።
ማን ስንት እንደከፈለ፣ ማን እንደጎደለ፣
ማን ካስማ እንደያዘ፣ ማን ቤቱ እንደዋለ፣
ያ ያማረ ጽሕፈቴ፣ ሰው የመረቀኝ፣ ቀለሙ ኮበለለ፤
ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ ተንጣለለ።

እርሳስ ግን ውሃ አይፈራም። ይህን አላውቅም ነበር።
ከዚያ ሁሉ ገጽ የቀረችው አንዲት መስመር፦
“እብሬ ይማም። እሳት አይጫርለት።”
በገዛ እጄ፣ ቀጥ ብላ፣ ነጥቧ እንኳ ሳይጎድላት።

ላጲሱን አነሣሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።

እሑድ ስብሰባ አለ። “መዝገቡን አምጣ” ይሉኛል።
እንዲህ እንዳለ፣ እርጥቡን፣ ይዤው እሄዳለሁ፤
ከወይራው ሥር ዘርግቼ “አንብቡ” እላለሁ፤
“ውሃ ሲያጥበን
የቀረነው ይህንን ነው።”

ጦይብ ይስቅ ይሆናል።
ዳኛው... እንጃ።
እብሬ ግን አይመጣም። ብሩን ይልካል።